ጫማዎን ያሳዩኝ ሳልል

ወዳጆቼ፣ እስቲ ዛሬ ቀረብ በሉልኝ። እዚህ ገጽ ላይ ሁልጊዜ የእናንተን ታሪክ ነው የማነበው። አነባለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ «ጌታ ይርዳሽ እህቴ» ብዬ ጽፌ አልፋለሁ። ዛሬ የራሴን ልንገራችሁ። ልጄ ሮዳስ «እማ፣ አንቺ ደግሞ! ሰው ምን ይላል?» አለችኝ። ሰውማ የሚለውን ይበል። የፍቅር ታሪክ ነው። ግን ከፍቅሩ ፍርሃቱ ይበዛል፣ አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ፀዳለ እባላለሁ። ላስ ቬጋስ ነው የምኖረው። ሁለት ልጆች አሳድጌያለሁ። ሮዳስ ነርስ ናት፣ ሎን ማውንቴን የሚባል ሰፈር አብረን ነው የምንኖረው። ፋኑኤል ሲያትል ነው። አባታቸው ንጉሤ አንድ ቀን «ሺፍቴን ጨርሼ መጣሁ፣ እራት ጠብቁኝ» ብሎ ወጣ። ሥራ ቦታ ልቡ ቆመ። ሳልሰናበተው ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ በር የሚታይበት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው ሰው የምጠብቀው፣ በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ። ሮዳስ ስልክ ካላነሳች እፈራለሁ። ፋኑኤል አውሮፕላን ሊሳፈር ነው ካሉኝ እጾማለሁ። አምናለሁ፣ እጸልያለሁ፣ ግን እፈራለሁ። «እምነት ካለሽ ፍርሃቱ ከየት መጣ?» የሚሉኝ አሉ። እኔ እንጃ። እኔ ቤት ሁለቱም አብረው ይኖራሉ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ ኮሮና መጥቶ የምሠራበት ካዚኖ ሲዘጋ፣ የሠራተኛ ዩኒፎርም የምሰፋበት ክፍልም አብሮ ተዘጋ። ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳ ሳይ ከረምኩ። በኋላ አርትስ ዲስትሪክት የሚባል ሰፈር ያለች አንዲት ትንሽ የተራራ ዕቃ መሸጫ ልብስ ሰፊ ትፈልጋለች ሲሉኝ ሄድኩ። ድንኳን ሲቀደድ፣ የቦርሳ ዚፕ ሲበላሽ እኔ እጠግናለሁ። ባለሱቁ ዌስ የሚባል አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው። ምሳ ሲወጣ ሱቁን የምጠብቀው እኔ ስለሆንኩ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት ዕቃውን እያወረደ ያስተምረኝ ነበር።

አንድ ቀን፣ ብርዱ ሲጀምር፣ ዌስ ምሳ ወጥቷል። እኔ ድንኳን እሰፋለሁ። አንድ ረጅም ሰውዬ ገባ። ማስክ አድርጓል፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ጎትቷል። ቀጥ ብሎ ክራምፖን የተሰቀለበት ግድግዳ ፊት ሄዶ ቆመ። ክራምፖን ለማታውቁ... በረዶ ላይ እንዳያንሸራትት ጫማ ሥር የሚታሰር ብረት ነው። ዙሪያውን ሹል ሹል ጥርስ አለው፣ ከፊትም የሚነክስ። እኔ የበረዶ ጥርስ ነው የምለው።

ሰውዬው አንዱን አወረደ፣ አገላበጠው፣ ከዚያ ለራሱ በአማርኛ...

«ጌታ ሆይ፣ ይሄ ደግሞ የምን አውሬ መንጋጋ ነው?» አለ።

ሳቄ አመለጠኝ። ደንግጦ ሲዞር ብረቱ ከእጁ ወጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ወደቀ። ገና ሰፍቼ የጨረስኩትን ድንኳን ከላይ እስከ ታች ቀደደው።

«ኦ ማይ... ሶሪ! ሶ ሶሪ፣ ማም!»

«ምንም አይደል። መንጋጋው ርቦት ነው» አልኩት በአማርኛ።

ከማስኩ በላይ የሚታየው ዓይኑ ብቻ ነው። መጀመሪያ ፈጠጠ፣ ከዚያ ሳቀ። ዓይን ብቻውን እንደዚያ ሲስቅ አይቼ አላውቅም።

«ሀበሻ ነዎት እንዴ? ወይኔ አፈርኩ! ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። ምን ፈልገው ነው?»

«ዋለልኝ እባላለሁ። አንድ ሆኖ ለሁለት ነገር የሚያገለግል ፈልጌ ነበር። ተራራ ላይ በበረዶ ረጅም መንገድ የሚያስኬደኝ... ቀጥ ያለ የበረዶ ግድግዳም የሚያስወጣኝ።»

«ግድግዳ? ቀጥ ያለ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

ሻጭ እንዲህ ብሎ ይጠይቃል? ከአፌ አመለጠኝ።

«እኔም ራሴን የምጠይቀው ይሄንኑ ነው» አለኝ።

ዌስ ያስተማረኝን አስታውሼ አስረዳሁት። «ለመንገድ የሚሆነው የፊት ጥርሱ ጠፍጣፋ ነው። የግድግዳው ደግሞ እንደ ቢላ የቆመ ነው። ለሁለቱም ካሉ ይሄኛው ይሻልዎታል። ጠንካራ ስቲል ነው፣ የፊት ጥርሱ ሲያልቅ ይቀየራል። ያንን ቀላሉን ግን አይግዙ። አሉሚንየም ነው፣ ድንጋይ ሲነካ ይታጠፋል።»

«እርስዎም ይወጣሉ ማለት ነው?»

«እኔ? እኔ ደረጃ ስወጣም ጌታን እጠራለሁ!»

ያን ቀን አልገዛም። «ልጸልይበት» ብሎ ሄደ። ለክራምፖን የሚጸልይ ሰው! በእምነት ወገናችን መሆኑን ያኔ አወቅኩ።

ከዚያ መመላለስ ጀመረ። አንዴ ጓንት፣ አንዴ ካልሲ፣ አንዴ «ዚፑ አስቸገረኝ» ብሎ ዚፑ ምንም ያልሆነ ቦርሳ። ጊዜው የኮሮና ነውና ራቅ ብሎ በሩ ጋ ቆሞ ነው የሚያወራኝ። ሰዘርን ሃይላንድስ ነው ቤቱ። የኤርፖርት ሻትል ይነዳ ነበር፣ መንገደኛ ሲጠፋ ሥራው ቆመ። ስለ እግዚአብሔር ቃል እናወራለን፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል፣ ስልክም ተለዋውጠናል። እሱ «እህት ፀዳለ፣ እርስዎ» ይለኛል። እኔም «ወንድም ዋለልኝ፣ እርስዎ» እለዋለሁ። እንዲህ ተከባብረን፣ ተፈራርተን...

ሮዳስ አንድ ቀን ትክ ብላ አየችኝ።

«እማ፣ ከማስክ ሥር ሊፕስቲክ ለማን ነው?»

«ከንፈሬ ደርቆ ነው!»

«ቀይ ሆኖ ነው የደረቀው?»

ክፍሌ ገብቼ ተንበረከክኩ። «ጌታ ሆይ፣ ይሄ ነገር ካንተ ካልሆነ ከልቤ ንቀልልኝ» አልኩት። አልነቀለልኝም። ፍርሃቴ ደግሞ ባሰ። ንጉሤ መሬት ላይ ቆሞ ነው የሞተው። ይሄኛው ጭራሽ ገደል ሊወጣ ነው።

ጃንዋሪ ላይ እየሮጠ መጣ።

«ወሰንኩ፣ እህት ፀዳለ! ቅዳሜ ቻርልስተን ተራራ እንወጣለን። ያንን ለሁለቱም የሚሆነውን ይስጡኝ።»

«እንወጣለን? ከማን ጋር?»

«ከቡቡዬ ጋር ነዋ! እዚህ ነገር ውስጥ ያስገባችኝ ቡቡዬ ናት። እሷ ብቻዋን ትሄዳለች፣ እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ነፍሴ ስትወጣ ትውላለች። እንዲህ ከምሆን አብሬያት ልሂድ፣ ከሞትንም አብረን እንሙት ብዬ ነው።»

ቡቡዬ!

«አብራችሁ ነው የምትኖሩት?» አልኩት።

«አዎ! ብዙ ዓመታችን እኮ ነው።»

ሚስት አለችው። በዚህ ዕድሜ «ቡቡዬ» የሚላት ሚስት። እኔ ደግሞ ለሰው ባል ሊፕስቲክ እቀባለሁ። ከሱ ይልቅ ጌታዬን አፈርኩት። ቶሎ ሸጬለት ቶሎ እንዲወጣልኝ ፈለግኩ።

ዌስ ሁልጊዜ የሚነግረኝ አንድ ነገር አለ። «ጫማውን ሳታዪ ክራምፖን አትሽጪ።» ያ የመረጥኩለት ክራምፖን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከፊት የሚይዘው በሽቦ ነው። ሽቦው የሚገባው የጫማው አፍንጫ ላይ ጠርዝ ካለ ነው። ጠርዝ ከሌለው የያዘ ይመስላል፣ በኋላ ይወልቃል። ሌላው ከፊት የፕላስቲክ ማቀፊያ አለው፣ ጠርዝ አይፈልግም። ሱቁ ውስጥ ሁለቱም ነበሩ።

ዋለልኝ የመጣው በሸራ ጫማ ነው።

«የተራራ ጫማዎ ከፊት ጠርዝ አለው?» አልኩት ሳላየው።

«ይኖረዋል... አለው መሰለኝ። ከሰው ነው የገዛሁት፣ መኪናዬ ውስጥ ነው። ላምጣው? ግን ላስቸግርዎት አልፈልግም።»

ቢያመጣው ጎንበስ ብዬ እግሩ ላይ ማሰር ነው። የሰው ባል እግር ላይ! ደግሞስ «አለው» ያለን ትልቅ ሰው «እስቲ ያሳዩኝ» ማለት ቃሉን አላመንኩም ማለት ሆነብኝ።

«ካለውማ ይበቃል» አልኩ። ሽቦ ያለውን ሰጠሁት።

«ምን ሆኑ፣ እህት ፀዳለ? አጠፋሁ?»

«ምንም አልሆንኩ። በሰላም ይግቡ። ለቡቡም ሰላም ይበሉልኝ።»

ዓይኑ በራ። «እነግራታለሁ! ደስ ይላታል!»

ሲወጣ ጠረጴዛዬ ላይ ድፍት ብዬ አለቀስኩ። ሰው የሌለበት ሰዓት መሆኑ በጀኝ።

ቅዳሜ ጠዋት የቤተ ክርስቲያናችን ጸሎት በዙም ነበር። እህት ጽጌወይን እየመራች፣ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ፣ ስልኬ ጮኸ። ቴክስት ነው። ከፎቶ ጋር።

«እህት ፀዳለ፣ ይኸው እርስዎ የመረጡልኝን አደረግኩት! ከቡቡዬ ጋር ነን። ይጸልዩልን።»

ዋለልኝ በረዶ ላይ ቆሟል። አንድ ወጣት አቅፎታል። ጺሙ ደረቱ ላይ የደረሰ፣ ትከሻው በር የሚያክል ጎረምሳ! ፎቶው ላይ ሌላ ሰው የለም። አየሁ፣ ደግሜ አየሁ። ቡቡዬ... ይሄ ነው?

ወይ ጉድ! «ናት» ያለው አቆላምጦት ነው! ወንዱን ልጅ «ነይ የኔ ቆንጆ» እንደምንለው! እኔ ራሴ ፋኑኤልን ጺም አብቅሎ «የት ገባሽ፣ የኔ እመቤት» እለው የለ እንዴ? ሳቅ አነቀኝ። ሚስት የለችውም! ደስ ሲለኝ ደግሞ ደስ ማለቱ ራሱ አስፈራኝ።

ከዚያ ዓይኔ ወደ እግሩ ወረደ።

ፎቶውን በጣቴ አሰፋሁት። የጫማው አፍንጫ ክብ ነው። ልሙጥ ጎማ። ጠርዝ የለውም። ሽቦው ጎማው ላይ እንዲያው ተደግፏል።

«ኢየሱስ!» ብዬ ጮህኩ። ማይኬ ክፍት ነበር።

«አሜን!» አሉ ሁሉም።

«አሜን አይደለም! ሰው ሊሞት ነው!»

«እህት ፀዳለ፣ ምን ሆንሽ?» አለች ጽጌወይን።

«ዋለልኝ ለሚባል ሰው ጸልዩ!»

«ዋለልኝ ማነው?»

መልስ የምሰጥበት ጊዜ አልነበረኝም። ደወልኩ፣ ስልኩ አይጠራም። እዚያ ተራራ ላይ ከመነሻው ከፍ ሲባል ኔትወርክ የለም። «አትውጡ!» ብዬ ጻፍኩ፣ አልደረሰም። ሮዳስን ጎትቼ አስነሳኋት። ከፒጃማዋ ላይ ጃኬት ደርባ መኪናውን አስነሳች።

መንገዱ ከበረሃው እየወጣ ወደ ጥድ ዛፉ ሲገባ፣ በረዶው በግራም በቀኝም ተቆልሏል። እኔ በሩን ጨብጫለሁ።

«እማ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«ደንበኛ ነው።»

«ለደንበኛ እንዲህ ይለቀሳል?»

«በኔ እጅ ነው የሚሞተው፣ ሮዲ! እኔ ነኝ የሰጠሁት!»

ዞር ብላ አየችኝ።

«ትወጂዋለሽ?»

«ዝም ብለሽ ንጂ!»

«እሺ... ትወጂዋለሽ ማለት ነው» አለችና ነዳጁን ረገጠች።

መኪናውን ፓርክ ሳታደርገው ወርጄ መሮጥ ጀመርኩ። ከተራራው የሚወርዱ ሁለት ልጆች ስለ ጺማሙ ስጠይቃቸው ወደ በረደው ፏፏቴ ጠቆሙኝ። በስኒከር ነው የምወጣው። እወድቃለሁ፣ እነሳለሁ። ሮዳስ ከኋላዬ «እማ! ቀስ!» ትላለች። እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ጌታ ሆይ፣ ንጉሤን ሳልሰናበተው ወሰድከው፣ ዝም አልኩ። ይሄንን በኔ እጅ አትውሰደው።»

ዛፉ ሲያልቅ ገደሉ ፊቴ ቆመ። ከላይ ፏፏቴው ሰማያዊ ሆኖ ደርቆ ተንጠልጥሏል። ወደሱ ለመድረስ አንድ ቀጥ ያለ ተዳፋት መሻገር አለ። በረዶው እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ከሥሩ ድንጋይ ነው። ጺማሙ ቀድሞ ተሻግሮ ገመድ ይፈታል። ዋለልኝ መሃሉ ላይ ነው። ገመድ የለውም፣ በእጁ የበረዶ መጥረቢያ ብቻ ይዟል። የቀኝ እግሩ ብረት ከአፍንጫው ወልቆ ወደ ጎን ዞሯል። እሱ አላየውም። ያንኑ እግሩን አንስቶ ሊረግጥ ነው።

«ዋለልኝ! ቁም!»

«ወንድም» የለ፣ «እርስዎ» የለ። ድምፄ ገደሉን መትቶ ተመለሰ።

«አትርገጥ! ብረቱ ወልቋል! የቀኝ እግርህ!»

ቆመ። ቀስ ብሎ እግሩን አየ። ከዚያ ከእግሩ ሥር ያለውን አየ።

«ፀዳለ...?»

«እኔ ነኝ! ወደ ታች አትይ! መጥረቢያውን አጥብቀህ ያዝ፣ በግራ እግርህ ቁም!»

«ጋሼ! ዶንት ሙቭ!» አለ ልጁ ከላይ። «እኔ ገመድ ይዤ መጣሁ ነው! ስታንድ ስቲል!»

የበረዶ መጥረቢያውን ተዳፋቱ ላይ ሰክቶ በሁለት እጁ ተንጠለጠለበት።

«ፀዳለ... እግሬ አልታዘዝ አለኝ።»

«እኔም ፈርቻለሁ! ግን አለሁ፣ አልሄድም!»

«አውሪኝ። የሆነ ነገር አውሪኝ... ዝም ካልሽ እወድቃለሁ።»

አንቺ አለኝ። በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሰማሁት።

«ምን ላውራህ?»

«ያን ቀን ለምን ፊትሽን አዞርሽብኝ?»

«ቡቡ ሚስትህ መስላኝ ነዋ!»

ከዚያ የዋለልኝ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ምን... ምን መስላሽ?»

«‹ቡቡዬ ናት› አልከኝ! ‹ብዙ ዓመታችን ነው› አልከኝ! ምን ልበል?»

«ፀዳለ፣ አታስቂኝ! እወድቃለሁ!»

«እንዳትስቅ! በኢየሱስ ስም እንዳትስቅ!»

እኔ አለቅሳለሁ፣ ሮዳስ ጃኬቴን ከኋላ ጨብጣ ይዛለች። ልጁ ገመዱን እየለቀቀ አንድ እርምጃ፣ አንድ እርምጃ ይወርዳል።

«የወንድሜ ልጅ ነው!» አለ ዋለልኝ ግንባሩን በረዶው ላይ አስደግፎ። «ሚካኤል ነው ስሙ! ወንድሜ ሲሞት ገና ሕፃን ነበር። እሱን ሳሳድግ ማግባት አለፈኝ!»

«አላለፈህም!»

ገደሉ ሁሉ «አላለፈህም... ህም... ህም...» አለ። ሮዳስ አፏን ያዘች።

ወዲያው ያ የወለቀው ብረት ከእግሩ ላይ ተነቀለ። ድንጋዩን እየመታ ወረደ፣ ቃ... ቃ... ከዚያ ድምፁም ጠፋ። ዋለልኝ ተንሸራተተ። መጥረቢያው በረዶውን ፋቀው፣ አንድ ክንድ ያህል ወረደ... ያዘው! ዓይኔን ጨፈንኩ። ንጉሤን ባየሁበት ዓይን ይሄን ማየት አልቻልኩም።

«ጋት ሂም! ያዝኩት! ጋሼ፣ ያዝኩህ!»

ስከፍት ሚካኤል አጎቱን ከገመዱ ጋር አቆራኝቶ በትልቅ ክንዱ አቅፎታል። ሁለቱም ያለቅሳሉ። እኔ በረዶው ላይ ቁጭ አልኩ።

ሲወርዱ ልጁ መጀመሪያ ወደኔ መጣ። «አንቲ፣ ታንክ ዩ። ቡቡ ነኝ» አለኝ። ዋለልኝ ፊቴ ቆመ፣ ፊቱ እንደ በረዶው ነጥቷል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት። «ጫማህን አሳየኝ ማለት አፈርኩ።»

«እኔም ጠርዝ የሚባለውን ሳላውቅ ‹አለው› አልኩሽ። ላለማስቸገር ብዬ። ተከባብረን ልንሞት ነበር!»

ሳቅን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «‹አላለፈህም› ያልሽው... ከልብሽ ነው?» አለኝ።

ያኔ ፍርሃቴ ሁሉ ተመልሶ መጣ። ያ የብረት ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

«አይ፣ ዋለልኝ... አልችልም። አንድ ባል ቀብሬያለሁ። ሁለተኛ በር በር እያየሁ መኖር አልችልም። ይቅር በለኝ።»

ሮዳስ እጄን ይዛ አወረደችኝ።

ሳምንታት አለፉ። አልመጣም። ለካስ በሩ ጋ የሚቆም ሰው ሲጠፋ ሱቅ እንዲህ ይሰፋል! ለዌስ ጥፋቴን ነገርኩት። ተቆጣኝ፣ ከዚያ ቀና ብሎ አይቶኝ «በሕይወት አለ፣ አይደል?» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ፌብሯሪ መጨረሻ ላይ በሩ ተከፈተ። ዋለልኝ ነው። ከስቷል። በአንድ እጁ ያንን ጫማ፣ በሌላው የተረፈውን አንዱን ብረት ይዟል። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጣቸው።

«ተውኩት» አለኝ። «አንቺ ከፈራሽ ተራራ አልሄድም። ጨርሻለሁ።»

«ቡቡስ?»

«ብቻዋን ትሄዳለች። ትልቅ ሰው ናት።»

«አንተስ?»

«እኔማ ቤት ቁጭ ብዬ በር በር እያየሁ...»

አልጨረሰውም። አላስጨረስኩትም። በሕይወቴ የምጠላውን ያንን ወንበር፣ በር የሚታይበትን ወንበር፣ ከራሴ ላይ አንስቼ ለሱ ልሰጠው ነው። እሱ ደግሞ እኔን ብሎ ሊቀመጥበት ነው! እኔ እንዳልፈራ እሱ ሊፈራልኝ...

ተነሳሁ። ግድግዳው ጋ ሄጄ ከፊቱ የፕላስቲክ ማቀፊያ ያለውን አወረድኩ።

«ቁጭ በል» አልኩት።

«ፀዳለ፣ ተውኩት አልኩሽ እኮ።»

«ቁጭ በል አልኩህ! ጫማህን አድርግ!»

አደረገ። ተንበርክኬ ጫማውን በሁለት እጄ ያዝኩት። አፍንጫውን ዳበስኩ፣ ጠርዝ የለውም። ተረከዙን ዳበስኩ፣ ከኋላ ጠርዝ አለው። ሶሉን ለማጠፍ ሞከርኩ፣ ጠንካራ ነው፣ አይታጠፍም። የክራምፖኑን መሃል ከጫማው ልክ ጋር አስተካከልኩ። ማቀፊያውን ከፊት አለበስኩ፣ የኋላውን ማንሻ ወደ ላይ ሳነሳው «ቀጭ!» ብሎ ያዘ። ማሰሪያውን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አጠበቅኩ።

«እግርህን አንስተህ አራግፍ። በኃይል!»

አራገፈ። አልነቃነቅም አለ።

«ጎትቼ ላውልቀው» አልኩና በሁለት እጄ ታገልኩት። አልወልቅ አለ። እንባዬ ጫማው ላይ ይንጠባጠባል፣ እኔ ግን አላቆምኩም።

«ፀዳለ... በቃሽ። ያዘኝ።»

«እርግጠኛ ነህ? ላለማስቸገር ብለህ አይደለም?»

«ለማስቸገርማ ነው የመጣሁት» አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁት። ማስኩን አውልቆ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ከቅርብ ሙሉ ፊቱን ልብ ብዬ አየሁት። አገጩ ላይ ሽበት አለው። የሚያምር ሽበት!

«እንግዲያው ቡቡን ብቻውን አትልቀቀው» አልኩት። «ሂድ። እኔም እፈራለሁ፣ መፍራቴን አልተውም። ግን ለማላውቀው ሰው አይደለም የምፈራው፣ ለባሌ ነው የምፈራው።»

«ለማንሽ?»

«ሰምተሃል!»

ዌስ ከምሳ ሲመለስ እኔ መሬት ላይ ተንበርክኬ፣ ዋለልኝ አንድ እግሩ ላይ ብረት አስሮ ወንበር ላይ፣ ሁለታችንም ስናለቅስ አገኘን። «ልክ አልሆነም እንዴ?» አለ ሰውዬው ደንግጦ።

ሽማግሌ ላከ፣ እንደ ወጉ። ማንን እንደላከ ገምቱ... ዌስን እና ቡቡን! ክትባታችንን ወስደን ጓሮ ተቀመጥን። ለጥያቄው መልስ የሚሰጠው ፋኑኤል ነው፣ ከሲያትል በስልክ ቪዲዮ። ሮዳስ ቀድማ ነግራዋለች። መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፣ «አባቴን ረሳሽው?» ብሎኝም ነበር። «አልረሳሁትም። አንተም አትርሳው፣ እኔም አልረሳውም» አልኩት፣ አብረን አለቀስን። ያን ቀን ግን ኮስተር ብሎ...

«እናቴን የምሰጠው ለማን ነው? ሥራው ምንድነው? ጠባዩስ?» አለ።

ቡቡ ጉሮሮውን ጠረገና «ጋሼ ጥሩ ሰው ናት» አለ።

ጓሮው በሳቅ ፈረሰ። ፋኑኤል ራሱ ስልኩን ጥሎ ነው የሳቀው። «ወስዳችኋል!» አለ።

ሜይ ላይ ፓስተራችን ባሉበት፣ ጥቂት ሰው ሆነን፣ እዚያው ጓሮ ተጋባን። እህት ጽጌወይን ዋለልኝን ስታየው «ለካስ የጸለይንለት ይሄ ነው!» ብላ እልል አለች።

ይሄው አሁን ዲሴምበር ነው። ዋለልኝና ሚካኤል ዛሬ ማለዳ ወደ ተራራው ወጥተዋል። ከመውጣታቸው በፊት የሁለቱንም ጫማ ጎትቼ፣ አራግፌ፣ ጠምዝዤ ነው የለቀቅኳቸው። ሮዳስ ሥራ ናት፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል። እፈራለሁ፣ አልዋሻችሁም። ግን ዛሬ ፊቴን ወደ በሩ አላደረግኩም፣ ወደ እናንተ ነው ያደረግኩት። ከናንተ የምፈልገው አንድ ትንሽ ነገር ነው። ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ስልካችሁን ለአፍታ አስቀምጡና «ጌታ ሆይ፣ ዋለልኝንና ልጁን በሰላም መልሳቸው» በሉልኝ።